ጥቆማ፦ ክረምቱን ቤት ለተዘጋባቸው ልጆች ምን እናሠራቸው? ከቡሄ እስከ ገና

ጠያቂ፣ የሁለት ልጆች እናት፣ ከገርጂ

ሰላም ለሁላችሁ። ትምህርት ከተዘጋ ወር ሊሞላ ነው፤ ዝናቡም ከሰዓት በኋላ አንድ ቀን ቀርቶ አያውቅም። ትንሹ አምስት ዓመቱ ነው፣ ትልቋ ዘጠኝ። ስልኬን እየተሻሙ ቤቱን ቀውጢ አድርገውታል። አንድ የአሻንጉሊት መሸጫ ውስጥ ልጆች ራሳቸው ቆርጠውና ለጥፈው የሚሠሩት ነገር የታሸገባቸው ሣጥኖች አየሁ፤ ዋጋቸው ግን ያስደነግጣል። ይገዛሉ ወይስ እዚሁ ያለን ነገር ይበቃል? ለቡሄ፣ ለእንቁጣጣሽ፣ ቢቻል ለገናም የሚሆን ቢሆን ደስ ይለኛል። ወረቀቱን፣ ቀለሙን፣ ኮላውን ከየት እንደምትገዙም ጠቁሙኝ። እጄ ለእንዲህ ያለ ሥራ የማይታዘዝ ሰው መሆኔን አስቀድሜ ልናገር።

መልስ፣ ጡረታ የወጣሁ የመዋዕለ ሕፃናት መምህርት፣ ከጉለሌ

ልጄ፣ ሣጥኑን ተዪው። አምና ለልጅ ልጄ አንዱን ገዝቼ አውቀዋለሁ። ስንከፍተው ኮላው ደርቆ ድንጋይ ሆኗል። የቀረው የበረዶ ሰውና ቀንዳም አጋዘን ነው። ልጁ የበረዶውን ሰው አንስቶ "ይሄ ምንድነው?" ሲለኝ፣ እኔም የማውቀው ከፖስት ካርድ ላይ ነው። በአንድ ከሰዓት ተሠርቶ አለቀ፤ ሣጥኑ ግን እስካሁን አለ፣ ክርና መርፌ አስቀምጥበታለሁ። የጠቀመኝ እሱ ነው።

ገንዘብ ካለሽ ሁለት ነገር ላይ አውጪው፤ መቀስና ቀለም። መቀሱ ጫፉ ድቡልቡል የሆነ ግን በእውነት የሚቆርጥ ይሁን። መንገድ ላይ የሚዘረጋው የፕላስቲክ መቀስ ወረቀቱን ያኝከዋል እንጂ አይቆርጠውም፤ ልጁ የራሱ እጅ ጥፋት እየመሰለው ሥራውን ይጠላዋል። ቀለም ሲሆን፣ ለአምስት ዓመቱ ወፍራም ክራዮን፣ ለዘጠኝ ዓመቷ ከለር እርሳስ። ማርከር አልመክርም። ክዳኑን ማን ይከድነዋል? በሦስተኛው ቀን ደርቆ ታገኚዋለሽ። ርካሽ ክራዮን ደግሞ ሰሙ በዝቶ ቀለሙ ያነሰ ነው፤ ብትፈትጊው ወረቀቱ ላይ ያንሸራትታል እንጂ አይዝም። ስትገዢ ከሣጥኑ አንድ አውጥተሽ ወረቀት ላይ ሞክሪ፤ ባለሱቁ ቢቆጣ ሌላ ሱቅ ሂጂ።

ወረቀት ከሠፈር ጽሕፈት መሣሪያ ቤት በሉክ ከመግዛት፣ ከሁለት ሦስት ጎረቤት ጋር ሆናችሁ መርካቶ ካሉት አከፋፋዮች አንድ ደስጣ፣ ማለት 500 ሉክ፣ ብታነሡ ይሻላል። የ80 ግራሙ ለእርሳስም ለክራዮንም ይበቃል። ውሃ ቀለም ከሆነ ግን ይኮማተራል፤ ለእሱ የብስኩትና የጫማ ካርቶን የውስጥ ፊቱን ተጠቀሙ፣ ያውም በነፃ። ዋጋ አልጽፍልሽም፤ ባለፈው ሳምንት የገዛሁበት ዛሬ አይሠራም።

ኮላ አትግዢ። አብሲት የጣለች ሴት ኮላ መሥራት አያቅታትም። ሦስት የሾርባ ማንኪያ የፉርኖ ዱቄት በአንድ ኩባያ ቀዝቃዛ ውሃ እንዳይጓጉል በጥብጠሽ፣ እሳት ላይ ጥደሽ እንደ ሙቅ እስኪወፍር ማማሰል ነው። ለወረቀት ከሱቁ ኮላ አያንስም። ጉዳቱ በክረምት ቶሎ ይሻግታል፤ ከሁለት ሦስት ቀን በላይ አታቆዪው። ቆርኪና እንጨት ለማጣበቅ ግን አይሆንም፤ ለዚያ ነጩን የእንጨት ኮላ በትንሹ ግዢ።

የቤት ቀለም ደግሞ አለ። እርድ በሙቅ ውሃ ብትበጠብጪ ቢጫ ነው፣ የአደይ አበባ ቢጫ። የቡና አተላ ቡናማ፣ የቀይ ሥር ውሃ ሮዝ፣ የከሰል ዱቄት ጥቁር። እርድ በተቀባ ወረቀት ላይ የልብስ ሳሙና ውሃ በጥጥ ጠብ ሲደረግ ይቀላል፣ ሎሚ ሲነካው ተመልሶ ቢጫ ይሆናል። ልጆቼ በዚህ ብቻ ግማሽ ቀን ያሳልፉ ነበር። የእርድና የቀይ ሥር ቀለም ፀሐይ ላይ ይደበዝዛል፤ የሚቆይ ሥዕል ከፈለጋችሁ ክራዮኑ ይሻላል። አንድ ነገር ልናዘዝ፤ ቀይ አጣሁ ብዬ አንድ ጊዜ በርበሬ በጥብጬ ሰጠኋቸው። ከአሥራ አራት ልጅ ስድስቱ ዓይናቸውን አሹ። የዚያን ቀን ጩኸት እስከ ጎረቤት ቀበሌ ተሰምቷል፤ እናንተ አትሞክሩት።

እንግዲህ የእንቁጣጣሽ ሥዕል። ይኼ የልጆች የራሳቸው በዓል ነው። ጳጉሜን ከአምስት እስከ ስድስት ቀን አላት፤ ለሥዕል የተሠራች ወር ትመስለኛለች። አበባ፣ ፀሐይ፣ መልአክ፣ ዶሮ፣ ከሥሩ "እንኳን አደረሳችሁ"። በበዓሉ ጠዋት ወንዶቹ ቤት ለቤት ያድሉታል፣ ሴቶቹ አደይና ለምለም ይዘው አበባየሆሽ ይላሉ። የእኔ ቤት ትልቋ ሥዕልም ትስላለች፣ አበባየሆሽም ትዞራለች፤ ከሁለቱም ሳንቲም ትሰበስባለች፣ የሚከለክላት የለም። አሁን አሁን ግን በደርዘን ኮፒ የተደረገ መልአክ ከሱቅ ገዝተው የሚያድሉ ልጆች በዝተዋል። አምና ለእኔ ብቻ አራት አንድ ዓይነት ገብርኤል ደረሰኝ። ሳንቲሙን ሰጥቻለሁ፣ ምን ላድርግ፤ ግድግዳዬ ላይ የሰቀልኩት ግን የታች ቤቱ ልጅ የሳላትን፣ አምስት እግር ያላት ዶሮ ነው። ሌላው ሁሉ ቢቀር ይኼን አትግዢላቸው። ለአንድ ልጅ አሥር አሥራ ሁለት ሥዕል ይበቃዋል፤ በቀን ሁለት ሁለት ካደረጋችሁት አይሰለችም።

ለትንሹ የጨው ሊጥ ጥሩ ነው። ሁለት ኩባያ የፉርኖ ዱቄት፣ አንድ ኩባያ ጨው፣ ውሃውን በትንሽ በትንሹ እስከ አንድ ኩባያ። ከዳቦ ሊጥ ጠንከር ይበል። መስቀል፣ ኮከብ፣ በግ፣ ያሻውን ይሥራ፤ ሳይደርቅ በስክሪብቶ ቀፎ ቀዳዳ ብሱለት፣ ክር ገብቶበት ይንጠለጠላል። ከባድ የሚሆነው በዚህ ዝናብ ማድረቁ ነው። ደጅ ብታወጪው ያልበዋል። እኔ እንጀራ ጋግሬ ስጨርስ የኤሌክትሪክ ምጣዱን ነቅዬ፣ በቀረው ሙቀት ላይ ወረቀት አንጥፌ እደረድረዋለሁ፤ ሁለት የጋገራ ቀን ይፈልጋል። ውፍረቱ ከትንሽ ጣት አይብለጥ፣ አለበለዚያ ውስጡ ሳይደርቅ ላዩ ይሰነጠቃል። ከዚህ ጋር ሸክላውን ላወዳድርልሽ፤ ቀጨኔ ሸክላ ከሚሠሩት እናቶች የተቦካ ጭቃ በፌስታል ገዝቼ አውቃለሁ። ለእጅ ከሊጡ እጅግ ይጥማል፤ ግን ካልተተኮሰ ተሰባሪ ነው፣ ምንጣፍሽንም አስቢ። በረንዳ ካለሽ ሸክላ፣ ከሌለሽ ሊጥ።

በእንቁላል ቅርፊት የሚሠራ ጌጥ የሚያሳዩ ቪዲዮዎች ብዙ ናቸው፤ ያምራሉ። ግን ፍልሰታ እስከ ነሐሴ 16 ነው፣ ቡሄም መሐሉ ላይ ይውላል። ከጿሚ ቤት ቅርፊት ከየት ይመጣል? ለገና ይቆይ ብንልም በዓሉ እስኪደርስ የነቢያት ጾም ነው። የእኛ በዓል ከጾም ጋር ተጣብቆ ነው የሚመጣው፤ ከወረቀትና ከሰም ጋር መወዳጀት ይሻላል።

ሰም ካልኩ ደግሞ በጣም የምወደው እሱ ነው፤ ጧፍ። ለዘጠኝ ዓመቷ የሚሆን፣ አንቺ አጠገቧ ቁጭ ብለሽ። ሦስት ምርጫ አለሽ። የመጀመሪያው የተዘጋጀ ጧፍ ከንዋየ ቅድሳት መሸጫ መግዛት ነው፤ ቀላል ነው፣ ልጁ ግን ምንም አይሠራም። ሁለተኛው መርካቶ ማር ከሚሸጡት ሰም መግዛት። ፓራፊን የተቀላቀለበት አለና ተጠንቀቂ። ትንሽ ቆርሰሽ በጣትሽ አሺው፤ የንብ ሰም በእጅ ሙቀት ይለሰልሳል፣ ማር ማር ይሸታል። ፓራፊኑ ይፈረፈራል፣ ሽታው የፋብሪካ ሻማ ነው። ሦስተኛው፣ እኔ የምጠቁመው፣ ሠፈር ውስጥ ጠጅ የሚጥል ሰው ፈልጊና ሰፈፉን ለምኚ። ማሩ ሲበጠበጥ ላዩ ላይ የሚሰፍፈው ነው፤ ብዙዎቹ ይጥሉታል።

ሰፈፉን በብዙ ውሃ በአሮጌ ድስት አፍልተሽ፣ በሻሽ ጨርቅ አጥልለሽ፣ ጨርቁን በሁለት እንጨት ጠምዝዘሽ ጭመቂው። የወረደውን ሳትነኪ አሳድሪው። ጠዋት ሰሙ ከላይ እንደ ሳህን ረግቶ ታገኚዋለሽ፣ ከሥሩ የተጣበቀውን ጉድፍ በቢላ ፋቂ። ካልጠራ ድገሚው። ከዚያ ሰሙን በድልህ ቆርቆሮ አድርገሽ፣ ቆርቆሮውን ውሃ ባለበት ድስት ውስጥ አስቀምጪ። ሰም የሚቀልጠው 62 እስከ 64 ዲግሪ ላይ ስለሆነ የፈላ ውሃ ከበቂ በላይ ነው። በቀጥታ እሳት ላይ ፈጽሞ አትጣጂው፤ ይቀጣጠላል፣ ከተቀጣጠለም ውሃ አይደፋበትም፣ ክዳን ነው የሚከደንበት።

ክሩ ጥጥ ይሁን። መርካቶ ድር ተራ ብትሄጂ ድርም ማግም አለ፤ ማጉን ውሰጂ፣ ለስላሳ ስለሆነ ሰሙን ይጠጣል። የፋብሪካ የስፌት ክር ብዙው ፖሊስተር አለበት፣ ሲለኮስ ቀልጦ ይኮማተራል እንጂ እንደ ጥጥ አይነድም። እናትሽ ወይ አያትሽ የምትፈትል ከሆነ ከድር ተራም አትሂጂ፤ የእሷ ፈትል ይበልጣል፣ ልጅቷም አጠገቧ ቁጭ ብላ እንዝርት ታያለች። ሁለት ሦስት ክር አንድ ላይ ገምደሽ፣ አንድ ክንድ ያህል ቆርጠሽ፣ ነክሮ ማውጣት፣ እስኪረጋ መጠበቅ፣ እንደገና መንከር። ስድስት ሰባት ጊዜ ሲሆን የጧፍ ውፍረት ያገኛል። መጨረሻ ላይ ገና ለብ እያለ ሰሌዳ ላይ በመዳፍ ማንከባለል፤ ይኼን ትንሹም ይችላል፣ ይወደዋልም። የሠሩትን ለቤተ ክርስቲያን ይዘው ሲሄዱ ማየት ነው።

ስፌትም ጠይቀሽ ቢሆን ብዙ እጽፍልሽ ነበር። ስንደዶውና አክርማው ክረምቱ ሲወጣ ነው የሚደርሰው፤ አሁን መርካቶ የምታገኚው ያምናው ነው፣ ደረቅ ስለሆነ ውሃ ውስጥ ማቆየት ይፈልጋል። አለላውን ቀለም የተነከረ ግዢ። ወስፌ ለዘጠኝ ዓመት ልጅ ትንሽ ያስፈራል። ለመለማመጃ ወፍራም ገመድ ላይ የሹራብ ክር በደንዳና መርፌ እየጠመጠሙ መስፋት ይሻላል፤ አጠማዘዙ አንድ ነው፣ የስኒ ማስቀመጫ የምታህል ትወጣለች። ሙዳይ በአንድ ክረምት አይወጣም፤ ቃል አትግቢላት።

ችቦው ከመንገድ ዳር ይገዛ። ጭራሮ ለቅሞ ማሠር ገጠር ነበር፤ እዚህ በዝናብ የራሰ እንጨት ይዘሽ ነው የምትቀሪው። አንድ ትልቅ ችቦ ገዝተሽ ለልጆቹ ቁመት በሚሆን በሦስት በአራት ከፍላችሁ እንደገና እሠሩት።

ጅራፍ ላይ አላውቅም፤ ወንዶቹ ይንገሩሽ።

ጨማሪ፣ የስድሳ ስምንት ዓመት ሰው፣ ከደብረ ብርሃን

የእትዬ ጥቆማ ሙያ ያለው ነው፤ ጅራፉን ግን እንዲሁ አሳለፉት። እኔ ልሙላ።

ሐምሌ ሲያልቅ መንገድ ዳር የሚሸጠው ጅራፍ አሁን አብዛኛው የናይለን ገመድ ነው። ይበረክታል፣ ውሃም አይፈራም። ግን ሥጋ ላይ ካረፈ ሰንበሩ ሳምንት አይጠፋም፣ ድምፁም ደረቅ ነው። ለልጅ የቃጫ ይሻላል። ቃጫውን ገመድ ከሚሸጡበት በኪሎ ግዛና ሌሊቱን ውሃ ውስጥ አሳድረው፤ ሳይርስ የተጎነጎነ ይሰባበራል። በሦስት ተከፍሎ እንደ ሹሩባ ይጎነጎናል። ከእጀታው በኩል ወፈር ብሎ ይጀምራል፣ እየሄድክ ከየጉንጉኑ ጥቂት ጥቂት ቃጫ እየቀነስክ ታቀጥነዋለህ። ምሥጢሩ ይኼ ነው። ከላይ እስከ ታች እኩል የወፈረ ጅራፍ አይጮህም፤ የሚጮኸው ቀጭኗ ጫፍ ስትፈጥን ነው። ጫፏ ቶሎ ስለምታልቅ በየሁለት ቀኑ ትቀየራለች፣ ለዚህ ትርፍ ቃጫ አስቀምጥ። እጀታው አንድ ክንድ ከስንዝር በቂ ነው፤ ለአምስት ዓመት ልጅ ከዚያም ይጠር።

ቤት ውስጥ አይጮህም፣ ግቢ ከሌለ ሜዳ ውሰዷቸው። በልጅና በልጅ መካከል አምስት ስድስት እርምጃ ይኑር። የአምስት ዓመቱን ግን ከኋላው ቆመህ እጁን ይዘህ ነው የምታስጮኸው። እኛ ከብት ስንጠብቅ ከነሐሴ መባቻ ጀምሮ ነበር የምንለማመደው። ቄሶቹ ድምፁ በደብረ ታቦር የተሰማው የአብ ድምፅ ምሳሌ ነው ይሉናል፤ እኛ ግን የወዲያኛውን መንደር ልጆች ለመብለጥ ነበር የምናስጮኸው።

ለገና ደግሞ ዱላ ከጫፉ ጎበጥ ያለ ከባሕር ዛፍ ቅርንጫፍ ተፈልጎ ይቆረጣል። እርጥቡን ቆርጠህ አሁኑኑ ጥላ ሥር ብታደርቀው ለታኅሣሥ ይደርሳል፤ ፀሐይ ላይ ካደረቅኸው ይሰነጠቃል። ኳሱ ለከተማ ልጅ የጨርቅ ይሁን። የእንጨቷ ሩር ጥርስ ታወልቃለች፣ የእኔን አውልቃለች።

ጨማሪ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ

እኛ ጋ ነገሩ ተገልብጦ ነው። ክረምት ስትሉ የእናንተ ዝናብ ነው፣ የእኛ በረዶ። ልጆቼ በረዶውን ጠግበውታል፤ ያላዩት አደይን ነው። እትዬ ስለ ማድረቅ የተቸገሩበት የጨው ሊጥ እዚህ ማሞቂያው አጠገብ በሁለት ቀን ቀጥ ይላል። የንብ ሰም በጥራጥሬ መልክ ታሽጎ የእጅ ሥራ ዕቃ ሱቆች ውስጥ አለ፤ ንጹሕ ነው፣ ግን ሽታው ደከም ያለ ነው፣ ዋጋውም ሰፈፍ ለሚያገኝ ሰው ያስቃል። በስንደዶ ምትክ ራፊያ የሚባለውን ከዘንባባ ቅጠል የሚወጣ ክር ተጠቅመናል፤ ለሌማት ልፍስፍስ ነው፣ ለትንሽ ሙዳይ ይሆናል።

እናንተን የምለምነው አንድ ነገር ነው። መስከረም ላይ አደዩን አድርቁና በደብዳቤ ላኩ። እህቴ ሁለት ጊዜ ልካልኛለች። አበባው በጋዜጣ ወረቀት መካከል ተደርጎ፣ ላዩ ከባድ መጽሐፍ ተጭኖበት፣ ጋዜጣው በሁለተኛው ቀን ተቀይሮ፣ ሁለት ሳምንት ከቆየ ቢጫው ሳይለቅ ይደርቃል። ጋዜጣው ካልተቀየረ ግን ይጠቁራል፣ የመጀመሪያው ዙር የደረሰኝ እንደዚያ ሆኖ ነው። ልጆቼ የገና ካርድ ላይ ለጠፉት። ጃንዋሪ 7 እዚህ ብዙ ጊዜ የትምህርት ቀን ነው፤ ካርዱን ከዚያ በፊት ባለው ቅዳሜ እንሠራዋለን።

መልስ፣ ከጉለሌ

የሜሪላንዷ እህቴ፣ አድራሻሽን ለእህትሽ ንገሪያትና የእኔንም ጨምራ ትላክልሽ፤ መስከረም ላይ እንጦጦ መውጣቴ አይቀርም።

ካርድ ካነሣሽ ስለ ገና ዛፍም ልበል። የፕላስቲኩን አንዴ የገዛ ሰው ለዓመታት ያወጣዋል፣ አልነቅፍም። እኔ ግን የጥድ ቅርንጫፍ ትንሽ ጣሳ ውስጥ በድንጋይ አቁሜ፣ የጨው ሊጡን ጌጥ አንጠልጥዬ፣ ቆርኪ በሚስማር በስቼ በክር ሰክቼ እጨምርበታለሁ። ጥጥም እናደርጋለን፣ ሁላችንም እናደርጋለን። ያላየነውን በረዶ በባዘቶ ስንሠራ መኖራችን ያስቀኛል፤ ጥጡ ሳይደረግ ሲቀር ግን ልጆቹ ገና አልመስል ይላቸዋል። ሻማ ከጥጥ አጠገብ እንዳይቀመጥ ብቻ።

ጠያቂዋ፣ ከገርጂ፣ ከአሥር ቀን በኋላ

እትዬ፣ ጋሼ፣ እህቴም፣ እግዜር ይስጥልኝ። ሣጥኑን አልገዛሁም። የአምስት ዓመቱ የእርዱን ነገር ከያዘ ወዲህ ነጭ ልብስ አላስቀረልኝም። ሰፈፍ ከታች ሠፈር ጠጅ ቤት ለምኜ አንድ ባልዲ ሙሉ ሰጡኝ፣ ዘበኛው ሳይቀር ምን ልታደርጊው ነው ብሎ ሳቀብኝ። ሰሙ ረግቷል፤ ከአንድ ትልቅ ሳህን ይበልጣል። ልጄ አሥራ ሁለት ጧፍ ሠርታለች፣ ሦስቱ ቀጥ ያሉ ናቸው። የቸገረኝ ድስቱ ነው፤ የእናቴ ነው፣ በኦሞም በአሸዋም አለቅ አለኝ። በምን ልጠበው?

መልስ፣ ከጉለሌ

አሮጌ ድስት ብዬሽ ነበር። ውሃ ሞልተሽ አፍዪና ሳትደፊው አቀዝቅዢው፤ የቀረው ሰም ላዩ ላይ ይረጋል፣ በእጅሽ ታነሺዋለሽ። የቀረውን ድስቱን እያሞቅሽ በአሮጌ ጋዜጣ ጥረጊው። ማጠቢያው ቧንቧ ውስጥ እንዳትደፊ፣ ይደፍነዋል። ሽታው ግን አይለቅሽም፤ ለእናትሽ ሌላ ድስት ግዢላቸውና ይኼኛው የሰም ድስት ይሁን።